ጊዜ አጣፊው

ረምዚ የጀመረው ከዚራ፣ ዛፉ ሥር፣
ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ፤
«ቀና በል! ዓይንህን ግለጥ! ትንፋሽህን ቅበር!»
ለመታወቂያ ነው፣ በደቂቃ ያልቃል።
ከዚያ ምን እንደታየው አላህ ብቻ ያውቃል፤
ፊልሙ መዳፍ የሚያህል፣
እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ካሜራ
ከአንዲት ግሪክ መበለት ገዛ፣ ሱቁን ሸጦ።
ጋሪ የፈለገው ያኔ ነው፣
እኔን ጉሌድን ከአሸዋ ገበያ መርጦ።

ስምንት ዓመት ጫንኩለት።
ንጋት ላይ ደቻቱ፣ ቀትር ላይ ለገሃር፣
ለአንዲት ጎርፍ ሦስት ክረምት ደረቅ ወንዝ ዳር።
በየአምስት ደቂቃው ጠቅ፤ ከዚያ ዝም።
እኔ ከጥላው ጫቴን፣ ፈረሴ ገለባውን፣
እሱ ሰዓቱን።

አገር ምድሩ «ጊዜ አጠፋ» አለው።
ሚስቱ ነጂሃ አንድ ማታ ጠየቀችው፤
«ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ለአርባ ደቂቃ?»
«አላጠፋሁም» አላት፣ «አጠፍኩት እንጂ፤
ሣጥን እንደሚገባ ሽርጥ።»
«እንግዲያው ለመተኮሱ እኔን እንዳትጠራኝ!»

ባለፈው ጥር አንሶላ ወጥሮ አሳየን።
ጉድ ነው! ጥላ እንደ ድመት ከግንብ ግንብ ይዘላል፣
ባጃጁ ክር፣ ገበያተኛው ጭጋግ፤
የሚሮጥ ሁሉ የለም።
ከጣቢያው በር ላይ አንድ ሰው ብቻ ጥርት ብሎ፣
ሙሴ ዋበሪ፣ የሽመንደፈር ጡረተኛ፣
በዚያችው ወንበር፣ የማይመጣ ባቡር ሊቀበል፣
ቀኑ እንደ እንፋሎት ሲያልፍበት፣ እሱ እንደ ችካል።

ከዚያ በአንዱ ሥዕልና በሌላው መሀል
ወንበሩ ብቻ።
«መልሰው!» አልን። መለሰው፤ አለ።
ወደፊት፤ የለም።
ረምዚ አቀረቀረ፤
«እዚያው ነበርኩ እኮ። ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነበር።»

«እኔስ?» አልኩት፣ «ስምንት ዓመት የት ነኝ?»
«አንተማ ተንቀሳቀስክ» አለኝ።

በማግሥቱ ገቢዬን ትቼ ከበሩ ፊት ቆምኩ፣
ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፣ አልተነቃነቅኩ።
ፊልሙ ባሕር ማዶ ታጥቦ እስኪመለስ አራት ወር።
አምስት ሰከንድ ወጣልኝ።
እነሆ እኔ፣
የሸሚዜ ቁልፍ እንኳ ይቆጠራል።
ፈረሴ ግን መች ያርፋል?
ዝንብ ያባርራል፣ እግር ይለዋውጣል፤
በእጄ ልጓም አለ፣
ከልጓሙ ጫፍ
ጢስ።