የካያሞ ንፍፊት

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ አሞራ ገደል ላይ፤
ካያሞ ቆሮሶ ሲያጸዳ፣ ሳያይ
የጀርባዋ እሾህ አውራ ጣቱን ወጋው።
ጠባ፣ እንትፍ አለ፣ ቢላውን አነሣው።
አባ ኮዳ ቆሟል፣ አንጀት ነው የሚሻው፤
ሰው ደማ አልደማ፣ እርሱን ምን ገደደው።

ቅዳሜ ሌሊት መጣ፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ፤
ብብቱን ደግፎ፣ "ሲስተር፣ እስቲ ንገሪኝ፤
የተወጋው ጣቴ፣ ያበጠው ብብቴ፤
ጎረቤት ቢጣላ ምን ያንኳኳል ቤቴ?"

ጣቱን አጠብሁለት፣ ክኒን ቆጠርሁና፣
ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ባጃጅም የለና፣
ነገርሁት።

ከቆዳህ ሥር (አልሁት) ዘብ አለ፣ እጀ ብዙ፣
እንደ ደንገል ሥር ነው መዘርጋት መያዙ።
ባዕድ ሲገባበት አይፎክር፣ አይጮህም፤
ይውጣል፣ ይፈጫል፤ ግን ሁሉን አይጨርስም፤
አንዲት ቁራሽ ይዞ፣ ከጣትህ ተነሥቶ፣
በክንድህ ሽቅብ ነው፣ ለብቻው፣ ተግቶ፣
እስከ ብብት ሸንጎ።

ያ ያስፈራህ እብጠት፣ ንፍፊት የምንለው፣
በእናንተ ቋንቋ "ሶንጎ" የምትሉት ነው።
እዚያ ተቀምጠዋል ቲ-ሴል የሚባሉ፤
ከደረት አጥንትህ ሥር፣ ከአንዲት ዕጢ ውስጥ
ተምረው የመጡ። ፈተናው አይጣል ነው!
ከመቶ ሁለቱ፣ ቢበዛ ሦስቱ ነው
በሕይወት የሚወጣው።
ማንንም ያልለየ እዚያው ቀለጠ፤
የቤቱን ሰው "ጠላት" ያለም አላመለጠ።
(ብዙው ማለቴ ነው። ሁሉም አይደለም።)

እያንዳንዱ ያውቃል አንድ መልክ ብቻ።
ዘቡ ቁራሹን በመዳፉ ይዞ ያሳያል፤
ያያሉ፣ ያልፋሉ፤
አይደለም፤ አይደለም፤
እልፍ ያልፋል፣ ሌላ እልፍ ያልፋል፣
አንዱ ግን ይቆማል።
"ይቺን አውቃታለሁ።"

"እና ዘመተ?" አለኝ።
ቆይ፣ አልዘመተም። ማወቅ ብቻ አይበቃ፤
ዘቡ ሌላ እጁን ካላስጨበጠው፣
"እውነት ነው፣ አደጋ ነው" ብሎ ካላጸናው፣
ያ መልክ ያወቀው ሴል ክንዱ ይዝላል፤
ከዚያ ወዲያ ጠላቱን ቢያይም ዝም ይላል።
አባቶችህ ሸንጎ ላይ በአንድ ምስክር ይፈርዱ ነበር?
"ኧረ በጭራሽ!"
በቃ፣ እንደዚያው ነው።

ሁለቱ ቃል ሲገጥም ሸንጎው ይነፋል፤
አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ ሺህ፣ እልፍ ይሆናል።
ያላስተኛህ እርሱ ነው፤
ብብትህ ውስጥ አገር እየተወለደ ነው።
ገዳይ አለ ከነርሱ፤ ጠላት ያደረበትን የራስህን ሴል
ግድግዳውን በስቶ፣ ጎረቤቱን ሳይነካ የሚጥል።
ላንተ እሾህ ግን የሚበጁት ረዳቶቹ ናቸው፤
አይመቱም፤ ይጣራሉ፤
በላተኛው ሴል ይበረታል፣ መድኃኒት ቀማሚው ይነቃል።
"በቃ፣ ተመለሱ" የሚሉም አሉ፤
እነርሱ ባይኖሩ ድሉ ራሱ ይቀብርህ ነበር።

"ዳኛውስ ማነው?"
ዳኛ የለም።
ዝም አለ። ታቦር ተራራ በመስኮቱ ጠቁሯል።

"ሲያበቃስ?"
አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቱ ይቀራል፤
ያችን መልክ ይዞ ዓመት ዓመት ይዞራል፤
ደግማ ብትመጣ አራት ቀን አትጠብቅ።

ፋሻውን ስቋጥር አልታዘዝ አለኝ፤
ቋጠሮው ሦስቴ ከጣቴ አመለጠኝ።
ካያሞ ዓሣ ለዋጭ ነው፤ መገጣጠሚያ ያውቃል፤
አንጓዬን አየና፣ ያበጠውን፣ የቀላውን፣
"ያንቺንስ ምን ወጋው?" አለኝ።

ምንም አልወጋውም።
ማንም አልገባበትም።
የኔ ሸንጎ ነው ፈተናውን ባለፈ በአንድ ሐሰተኛ ቃል
የገዛ እጄን የፈረደበት፤
"በቃ" ባዮቹ ድምፃቸው አንሶ።

መልስ አልሰጠኝም። ነጋ፣ ሄደ።

በሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ልጅ መጣ፣
ጋዜጣ ጠቅልሎ፤ ሁለት ቆሮሶ፣ ገና እርጥብ።
ገለጥ አድርጌ በጣቴ ዳበስሁት
ከራስ እስከ ጅራት።
አንድ እሾህ አልነበረበትም።