ሐረጎን ቁጭ ብሎ

ሠላሳ ዓመት በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ክር ስቀጥል፣ ጥርስ ስለውጥ፣ ያኮረፈ ማሽን ሳስታርቅ
ኖሬ፣ የራሴን ደም ባየሁ ጊዜ አፈርኩ፤
ኪንታሮት ነው እያልኩ ስምንት ወር ደበቅኩ።

ደሴ ላይ ዶክተር ሩቅያ ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ፤
ባለ አራት ክንድ ሮቦት። «በውጭ አገር በዚህ ነው» አለችኝ።
አይንቀጠቀጥ፣ አያልበው፤ ከጠባብ ዳሌ ገብቶ
ዕጢውን ከነርቩ ይፈታል፣ ድርን ከማግ ለይቶ።
«ዘይቱን ማን ይቀባዋል?» አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።
ሳቀች። «እኛ ያለን ይሄ ነው» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።
ትናንሽ ናቸው፤ ጥፍራቸው እስከ ሥሩ ተከርክሟል፤
እንደ መለዋወጫ አገላብጬ አየሁና፣
ይሠራል አልኩ፣ ይሆናል።

መብራት ሁለቴ ሄዷል አሉ፤ እኔ ምን አውቄ፣
ጄኔሬተር እስኪነሣ፣ በሁለት እጇ መሐል ወድቄ።

ዛሬ በጎኔ ከረጢት አለ፣ ከሸሚዜ ሥር ተኝቶ፤
«እንግዳው ራበው» ትላለች ዘምዘም፣ ሌሊት ሲያጉረመርም ነቅቶ።

መዝገቡ ላይ «ውጤት» ይላል። ነርሷ ብዕር ይዛ ቆመች።
ያን ሰሞን ሐረጎን ስወጣ፣ ታክሲው በተጠመዘዘ ቁጥር
በአንድ ጎኔ ተንጠልጥዬ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር።
ጻፊ፣ አልኳት፦ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይወርዳል።
የአምስት ዓመቱን ቦታ ተይው፤
ከቆየን ይሞላል።