ስንት ባሕርይ አላት?

መብራት ጠፋ ማታ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፤
«የጠባሴ ውርጭ ሳለ ምን ሞተር ጎደለ?»
ብዬ መስኮቱ ላይ ብልቃጧን አኖርኳት፤
ድሯን ናይትሮጅን፣ ማጓን ብረት አርጌ የሸመንኳት፣
ሰባቴ ተበጥሳ በስምንተኛው ያገኘኋት።

ሲነጋ፣
ጨው የመሰለችው ዱቄት የሽንኩርት ልጣጭ መስላ፤
ማግኔት ባስጠጋባት «አላውቅህም» ብላ።
እፍ እፍ አልኳት፤ መዳፌ ውስጥ አቀፍኳት።
ነጣች። ማግኔቱም በስሱ ሳባት።

ከሳሲት የመጣው አባቴ መሪጌታ
ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ከብልቃጧ ላፍታ፣
«ስንት ባሕርይ አላት?»
«ሁለት» ስለው ፊቱ ጠቆረ።
«ብረቱም ብረት ነው፣ ሞለኪውሉም ያው የነበረ፤
አልተቀላቀሉም፣ አልተለያዩም» አልኩት።

ጺሙን ዳሰሰ።
«ታዲያ ተዋሕዶ በያት እንጂ!» አለና
ብልቃጧን ነጥቆኝ ደጅ ወጣ፣
ውርጩ ላይ ሊያያት እንደገና።