የመስታወት ጥፋት

ሥራዬ ምድር ቤት ነው፣ ከኬሚስቶቹ ሥር፤
በጋዝ ነበልባል ላይ ቱቦ ሳሽከረክር
ሠላሳ ዓመት ሞላኝ። ታርቱን ውርጭ ሲያንቃት፣
ወንዙ ግግር ሆኖ ሰው ሲመላለስበት፣
የኔ ክፍል ይሞቃል።
ስለዚህ ይመጣሉ፤
የተሰበረ ይዘው፣ እጃቸውን ያሞቃሉ።

ቫይኬም እንዲሁ መጣች፣ በፎጣ ጠቅልላ
አንገቱ የተቀነጠሰ ጠርሙሷን አንጠልጥላ።
«ይድናል?» አለች ቆማ። «ይድናል፣ በጠባሳ።»
ከእሳቱ ዳር ተቀመጠች፣ ነገሯን ልታነሳ።

በሶማ ረግረግ ውስጥ፣ ከጥድ ቅርፊት ጋራ
የዛፍ ሽበት አለ፣ መድኃኒት የሚሠራ፤
ለእፍኝ የማይሞላ ቅንጣት ለመቃረም
ጫካ መላጨት ነው፣ ያም ሆኖ አይበቃም።
«ስለዚህ እኔው ልሥራው፣ ያለ ዛፍ፣ ያለ ቅጠል፣
ሬንጅ ከተረፈው፣ ከድንጋይ ከሰል።»

መዓዛማ ይሉታል የዚህን ነገር ዘር፤
ስም ያወጣው አፍንጫ የት ሰፈር ይኖር ነበር!
ደረጃው ናፍታሊን፣ ኮሪደሩ ድኝ፤
ኮቷ ባውቶቡስ ላይ ሰው ያስነሣል አሉኝ።
ግን ሲስሉት ያምራል፦ ስድስት ካርቦን ክብ ሠርተው፣
ኤሌክትሮናቸውን እንደ ዕቁብ አዋጥተው፤
ገንዘቡ ይዞራል፣ ቤት ለቤት፣ ሳይቆም፣
የሁሉም ነው እንጂ ያንዳቸውም አይደለም።
ለዚህ ነው የማይፈርስ።

ሁለት ቀለበት ነበሯት፣ የማይተዋወቁ፣
በየጠርሙሳቸው ቆመው የሚጠባበቁ፤
ሽማግሌ ላከች። ፓላዲየም ነው ስሙ፣
ጥቁር አመድ መሳይ፣ ቁንጥር ነው አቅሙ፤
ገብቶ ያግባባና ቀለበት ያሳስራል፣
ድግሱን ሳይቀምስ ወደ ሌላ በር ያመራል።

የራሷ ቀለበት ግን መደርደሪያ ላይ ነው፣
በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ ቡሽ የከደነው።
ጓንት ይቀድብኛል ትላለች።
ሌላ ሰው ሌላ ይላል። እኔ አልጠየቅሁም፤
ያላመጡልኝን ስብራት አልነካም።

ሃያ ሦስት እርምጃ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ
ከመቶ ሰማንያ ይተርፋል፤ ሃያው ሟች፣ ያለ ማስረጃ።
ሰማንያ ለተማሪ እልልታ ነው፣ ሽልማት፤
ሃያ ሦስት ጊዜ ግን በራሱ ሲያባዙት
ከመቶ አንድ አይሞላም።
በሰሐን የተጀመረው በመርፌ ጫፍ ያልቃል።
ይህን እያወቀ ሰው ጠዋት ለምን ይነቃል?

አሥራ ሰባተኛው ስምንት ወር እምቢ አለ፤
ተማሪዋ ታኔል አግዳሚ ላይ ዋለ፣
አደረም፣ ከዚያ ትቶ ባንክ ቤት ተቀጠረ።
ክንዱ ሦስት የሆነ ጠርሙስ ነፋሁላት፤
አንድ ሌሊት፣ ዝም ብሎ፣ ቀለበቱ ገጠመላት።

በየካቲት፣ አራት ሚሊግራም ነጭ ዱቄት።
ማግኔቱ መሰከረ፤ ከጫካው ጋር አንድ ናት፣
መሥመር በመሥመር።
የቀረው ብርሃን ነበር።
የጫካው ብርሃንን ወደ ግራ ያዞራል፤
የሷ ወደ ቀኝ። ልክ ያንኑ ያህል።

ሌሊት ወደኔ ወረደች፣ ምንም ሳትይዝ በእጇ፤
መዳፏን በመዳፏ ላይ ጫነች። «እየው፣ አይገጥሙም፤
አውራ ጣት ከትንሿ ጣት ላይ ወደቀ።
መጻሕፍቱ ገልብጠው ሣሉት፤ እኔም አመንኩ፤
ስድስት ዓመት በመስታወት ያለ መልኩን ስሠራ ከረምኩ።»
እሳቱን ዝቅ አደረግሁት። የሚባል አጣሁ።
እሷ ግን ሳቀች፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፦
«ጥፋቱ ያንተ ነው፤ መስታወት የሰጠኸኝ ማነው?»

ሲነጋ ትእዛዝ መጣ፦ ያው ጠርሙስ፣ ያው ክንዱ፤
በግራው ዱቄት ልትጀምር ነው፣ ከደረጃ አንዱ።
ሶማ ላይ፣ ከበረዶ ሥር፣ ያ ሽበት ጥዱ ላይ
ያለ ጓንት ይሠራዋል፣ ግራና ቀኝ ሳይለይ።

ጠርሙሱን ይዤ ወጣሁ። ከመደርደሪያው ላይ
ቡሹ ተነቅሏል፤ ትንሿ ብልቃጥ ባዶ ናት።
እጆቿ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ሁለቱም በጓንት።
በየትኛው ይሆን? አልጠየቅኋት።