የታኅሣሥ ሪፖርት

ቅጹ ሦስት መስመር ነው፤ በወር በወር ይደርሳል፣
ፎቶ ሆኖ በስልኬ ከቢሮ ይላካል፦
«ስንት ደጅ አንኳኳህ? ስንት ጆሮ አዳመጠ?
ስንቱ ሰው በዚህ ወር ልቡን ለጌታ ሰጠ?»
እኔ ሎምባሞ ነኝ፣ የሆሳዕናው ሽማግሌ፣
ስድሳ ስምንት ዓመት የከበደው አካሌ፤
ባሕር ዳር ከመጣሁ ሦስተኛ ገናዬ ነው፣
ሦስተኛው መስመር ላይ የምጽፈው ዜሮ ነው።

ጠዋቴ የሚጀምር በባጃጅ ጡሩንባ፣
ከዚያ በጉልበት ሕመም፣ ከዚያ በዘንባባ፤
ለሐይቁ ሰላምታ፣ ላረንጓዴው እንቦጭ፣
ማለዳ በዳሩ ለሚያልፈው ሯጭ።
መጽሐፌን በብብቴ ዝግ አድርጌ ይዤ
ሆስፒታል በር እቆማለሁ፣ ምርኩዜን ተመርኩዤ።
ቃል ልናገር መጥቼ ወረፋ እይዛለሁ፣
ከዳንግላ ለመጣ ካርድ አወጣለሁ፤
ከመርዓዊ ላመጧት፣ ማንበብ ለማትችለው፣
«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከእህል በኋላ ነው»
ስላት ጎንበስ ብላ «አባ፣ ይፍቱኝ» ትላለች፤
መስቀል እየጠበቀች ግንባሯን ታቀርባለች።
መስቀል የለኝ። መዳፌን አናቷ ላይ አኑሬ
«ይማርሽ» አልኋት፣ ግማሽ ስቄ ግማሽ አፍሬ።

አከራዬ እማማ አንጓች፣ ስሜ አልዞር ብሏቸው፣
«አያ ሎሚ» ይሉኛል፤ ይሁን አልኋቸው።
የመጣሁ ለታ ነው፣ በሩ ላይ ቆመው፣
«ሃይማኖቴን አትንካ፤ ኪራይ በወር ነው»
ብለው ቁልፍ የሰጡኝ።
የሳቸውን ከኔ ቤት የሚለየው ጭቃ ነው፤
ሌሊት ሲሰግዱ ጉልበታቸው ይጮኻል፣ እንደኔው ነው።

የነቢያት ጾም ሲገባ፣ እኔ የማልጾም ሰው፣
(ሐኪሙም «እንቁላል ብላ» ያለኝ ለአጥንቴ ነው)
መጥበሻዬን አጥቤ ምስማር ላይ ሰቀልሁ፣
አርባ ሦስት ቀን ሙሉ ሳላወርድ ቆየሁ።
ለምን? ጽድቅ አይደለም። ሽታ ወሰን አያውቅም፤
ከጾመኛ አፍንጫ ሥር ቅቤ አይነጠርም።

ልጄ ቆጮ ጠቅልላ ከሆሳዕና ላከች፤
ጥቅሏ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አደረች።
«የጾም ነው» ብዬ ግማሹን አቀረብሁ በሰሐን፤
እማማ አንጓች አላመጡ፦ «አያ ሎሚ፣ ይኼ ግን
እህል ነው ወይስ ገመድ?» አሉና ጨረሱት፤
ሰሐኑን ዱባ ሞልተው በማግሥቱ መለሱት።

ወጣቶቹ አገልጋዮች ለበዓል አገር ገቡ፤
«አንተ ትልቅ ነህ» ብለው ቁልፍና ድመት አስረከቡ።
የገና ዋዜማ ከተማው በግ ሆነ፣
በግ በባጃጅ ወንበር፣ በግ በሞተር ተጫነ።
ሌሊቱን ማኅሌቱ ከድምፅ ማጉያ መጣ፤
ከበሮውን ስቆጥር እንቅልፌ ከቤት ወጣ።
ልጄ ደውላ «አባ፣ ብቻህን ነህ?» ስትል
«ኧረ ሰው ሞልቷል!» አልሁ፣
እያየሁ የሰቀልሁትን ኮት፣ ድመቷን፣ አምፖል።

ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ።
የሰው ደጅ አንኳኪ፣ የራሴ ደጅ ሲንኳኳ
ግራ ገባኝ። እማማ አንጓች፣ ከቅዳሴ መጥተው፣
እግራቸው ትቢያ ለብሶ፣ ነጠላ አጣፍተው፣
በነጠላው ጫፍ ላይ አምስት እንቁላል ቋጥረዋል፤
«ወጡ ሲደርስ ይመጣል፣ እስከዚያ ይኼ» ብለዋል።
ወደ ምስማሩ ዞረው፦ «በል አውርደው፣ አያ ሎሚ፤
አርባ ሦስት ቀን ዝም ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ሰሚ
ነኝ እኮ! ጭቃ ነው ግድግዳው፣ ጆሮም አልነሣኝ።
አብሬህ ነው የምበላ፤ ጨው ግን አታብዛብኝ።»

አሁን መሽቷል። ቅጹ ስልኬ ላይ በርቷል፤
መነጽሬ ፊት ለፊት መስመሩ ያፈጣል።
«ስንት ደጅ አንኳኳህ?» አንድም፤ የኔው ነው የተንኳኳ።
«ስንት ጆሮ?» ሁለት፤ የሰሙትም ዝምታ ለካ።
ሦስተኛውን መስመር ባዶውን ተውሁት።
መጥበሻው አልታጠበም፤ ውኃ ልሙላበት።