ሠላሳ አራት ቁጥር

ፓርኑ ከተማ ላይ፣ የባልቲክ ጠርዝ በረዶ ሲይዝ፣
ጀምበር በዘጠኝ ሰዓት ጓዟን ጠቅልላ ስትጓዝ፣
በሰማንያ አንድ ዓመቷ ሄልዩ ቴሌቪዥን ገዛች፤
አሮጌው ጭስ ተፍቶ ሲሞት፣ አንድ ክረምት በሬዲዮ ታገዘች።

አዲሱ ገና ሲበራ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት፣
"ስምሽ ማነው? የት ነሽ? መቼ ተወለድሽ?" ሲል ጠየቃት።
ቀጥሎ ውል ዘረጋ፣ ከክረምት ሌሊት የረዘመ፤
ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ፣ "እስማማለሁ" የሚል ቆመ።
መነጽሯን ገፋ አድርጋ፣ እስከ አምስተኛው ገጽ አነበበች፤
ስድስተኛው "የምታዪውን እናያለን" ሲል፣ ተወች።

ሶኬቱን ነቅላ ደወለች።

"ታኔል፣ የወንድሜ ልጅ፣ ና እስቲ፣ አንድ እንግዳ አለ ቤቴ፤
ሻይ ሳላቀርብለት ገና፣ ይጠይቃል ስለ ልደቴ።"

ቅዳሜ ታኔል መጣ፣ ጫማውን በር ላይ አራግፎ፣
ሦስት ዕቃ በቦርሳው፣ ገመድ አንገቱ ላይ አጣጥፎ።

"ይቺ" አለ፣ "አውራ ጣት የምታክል፣ ዋጋዋ ከምሳ ያንሳል፤
ቀሪ ሒሳቧ ግን ማታ ማታ፣ ካንቺው ዓይን ይቀነሳል።"
(ከታች ፎቅ ሳልሜ ያቺኑ ገዝታ፣ ጉልበቷን ባማረረች በማግስቱ፣
የቅባት ማስታወቂያ መጣላት፤
"ልጆቼ የረሱትን አስታወሰኝ" ብላ፣ ደስ አላት በእውነቱ።)

"ይቺኛዋ ውድ ናት፤ ማስታወቂያ አታበዛም፣
የምታውቀውን ለጎረቤት ያን ያህል አትነዛም፤
ግን ያለ ስም፣ ያለ አድራሻ፣ ያለ መዝገብ አትገዛም።"

"ሪሞቷ ላይ ይቺ ቀዳዳ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል፣
ምንድን ናት?" "ጆሮ ናት፤ ቁልፉን ሲጫኑ ብቻ ትሰማለች፣ ይባላል።"

"ይባላል" አለች ሄልዩ። ሪሞቷን በአፍጢሟ ደፋቻት።

"እኔም እኮ ጆሮ ነበርኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል፣
ስልክ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ገመድ ስሰካ ስነቅል።
ስም አልነበረኝም እዚያ፤ 'ሠላሳ አራት' ነበር መጠሪያዬ፤
ደብተር የያዘ ጆሮ ጠቢ፣ ወንበሩ ጥግ፣ ከበስተግራዬ።
'ማን ለማን ደወለ? ስንት ደቂቃ? ምን ተባባሉ?' ይለኛል።
አንድ ሌሊት አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ታሊን ላለች ሴት ደውሏል፤
'በረዶው ያዘ' ብቻ አላት። ከዚያ ትንፋሻቸው ይሰማል፤
አራት ደቂቃ ሙሉ ዝም። መስመሩ ክፍት፣ ቆጣሪው ይቆጥራል።
'ምን አሉ?' አለኝ ሰውየው። 'መስመሩ ተበላሽቶ ነበር' አልኩ።
ባሌም ሞተ ሳይሰማው፤ ካንተ በፊት ለማንም አልተናገርኩ።

ጆሮስ ይስማ ግድ የለም፤ የሰማውን ማን ይወስዳል?
ይሄ ሳጥን፣ 'መስመሩ ተበላሸ' ብሎ ይዋሽልኛል?"

ታኔል ጆሮውን አከከ። ሦስተኛዋን ገፋ አደረጋት።

"ይቺን እኔው ነኝ የገጣጠምኳት፤ የሳሙና ዕቃ ነው ቤቷ፤
መዝገብ የላት፣ ማይክ የላት፤ ትዘገያለች፣ እሱ ነው ጥፋቷ።
አንዳንዱን ፊልም እምቢ ትላለች፤ ድምፁ ከከንፈሩ ይቀድማል፤
ሲብስባት ነቅለሽ ሰክተሽ፣ እስክትነቃ መታገሥ ያስፈልጋል።
ዋናው ግን ቴሌቪዥኑ ራሱ፣ የዋይፋይ ቁልፉን አይወቅ፤
ዲዳ መስታወት ሆኖ ይኑር፤ ሲያሳዩት ያሳይ፣ አይጠይቅ።"

"መዘግየቱን ተወው፤ እኔስ ደረጃ ስወጣ አልዘገይም?
ቀስ የሚል ዕቃ ቢያንስ ቸኩሎ፣ ነገር አያመላልስም።"

ሰኩት። ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ ድንቹ ምድጃ ላይ አረረ።
በመጨረሻ ስክሪኑ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበ፦
ለዕቃው መጠሪያ ስጡ፤ ካልፈለጉ ይለፉት።
"ባዶ ተይው" አለ ታኔል፣ ካፖርቱን እየለበሰ።

በአንድ ጣት፣ ፊደል እየፈለገች፣ "ሠላሳ አራት" ብላ ጻፈች።
ከዚያ ስለ ዝይዎች ፍልሰት ከፍታ፣ ግማሹ ላይ አንቀላፋች።
"አሁንም እያዩ ነው?" ብሎ፣ የቀሰቀሳት ግን የለም፤
ዝይዎቹ በረሩ፣ በረሩ፣
ማንም ሳይቆጥራቸው፣ ዝም።