ድልድዩ ሲነሳ

ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል፥ ስልኬ ደወል ሲያሰማ፣
ሰማያዊ ትራሴን ዘርግቼ፥ ከመስኮቱ ሥር፥ በጨለማ፣
እቀመጣለሁ። ሃያ ደቂቃ። ቀጠሮዬ ነው ከራሴ ጋራ።
አንድ ብዬ ትንፋሽ እቆጥራለሁ፥ ሁለት ብዬ፥ ሦስት፥ በተራ፤
ሰባት ላይ ግን ራሴ ይቀራል፤
ሌላ ሰው በሱ ፈንታ ይመጣል፦
የጋዝ ሒሳብ ይዞ፥ የጎማ ቀዳዳ፣
የእህቴን ድምፅ ይዞ፥ ያንን የከረመ ዕዳ፦
«የአባባን ሰዓት እኔ ወሰድኩት፤ ምን አለበት?»
ምን አለበት! ምን አለበት!
አፌን ዘግቼ፥ ዓይኔን ጨፍኜ፥ እግሬን አጥፌ በወጉ፣
ችሎት ቆሜ አረፍዳለሁ፤ እኔው ከሳሽ፥ እኔው ዳኛ፥ እኔው ሕጉ።

ደወሉ ሲደግም እነሳለሁ። ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት
በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ፦ ሦስት መቶ አሥራ አንደኛ ዕለት፤
«ተቀምጫለሁ።» ውሸት የለበትም።
ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አልነበረም።

ከዚያ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ፥ ንፋሱን በግንባሬ እየገፋሁ፣
ወደ ድልድዬ እሄዳለሁ።
ሥራዬ ይሄ ነው፤ በፍሪስላንድ ዝቅ ያለ ምድር፥ ውኃ መንገድን በሚበልጥበት፣
ጀልባ ሲመጣ መንገዱን ማንሳት፥
ሲያልፍ መመለስ፥ ያለ ስሕተት።

ማክሰኞ ነበር። ሽማግሌው ሃርመን አሸዋ የጫነ ጀልባውን ይዞ፣
መጣ እንደ ልማዱ፥ ፒፓውን ነክሶ፥ በዝግታ ተጉዞ።
ድልድዩን አነሳሁ። እኩሌታው እንዳለፈ ሞተሩ አሳለ፤
ጀልባው በድልድዩ ጉሮሮ፥ እንዳልወረደ ጉርሻ፥ ቆመ፤ ዝም አለ።
ወዲህ ማዶ የዳቦ መኪና፥ ወዲያ ማዶ ተማሪዎች በብስክሌት፤
መጀመሪያ ጡሩምባ፥ ቀጥሎ ማጉረምረም፥ ሰዓት ማየት፥ አሁንም ሰዓት፤
ከዚያ፥ ማን እንዳዘዘው እንጃ፥ ሁሉም ተወው።
አንዲት ልጅ ከማዶ ፖም ገመጠች፤ የሰማሁት ድምፅ ያ ነው።

እጄ በማንሻው ላይ ነበር። የምሠራው ሥራ አልነበረኝም።
ልቀመጥ አላልኩም፤ ትንፋሽ አልቆጠርኩም፤ ዓይኔንም አልጨፈንኩም።
ፀሐይ ከቦዩ ተመልሳ፥ በተነሳው ብረት ሆድ ላይ
ትርገበገብ ነበር፤ ስንት ዓመት ቆምኩ እዚህ፥ አንድም ቀን ሳላይ!
እና ሳላስበው መጣ። እንደ ጎረቤት፥ ሳያንኳኳ ገባ፦
ቂሜ ስለ ሰዓቱ አይደለም። በዚያ በመጨረሻው እሑድ፥ አባባ
«ትመጪያለሽ?» ሲለኝ፥ «ንፋስ አለ» ብዬ ቀረሁ።
እህቴ ሄደች። ሰዓቱን እሷ ሞላችለት። እኔ ንፋስ ፈራሁ።
በቃ ይሄው ነው። ዓመት ሙሉ ትራሴ ላይ ስከስ የኖርኩት
እህቴን አልነበረም፤ የቀረሁበትን ያን ሰንበት።

ሃርመን ሞተሩን ቀሰቀሰ። ባርኔጣውን አነሳልኝ፤ አለፈ።
መንገዱን አወረድኩ፤ ሰዉ እንደ ውኃ ጎረፈ።
«ሰባት ደቂቃ» ይላል መዝገቡ፤ «በጀልባ ብልሽት።»
ሌላ ምን ልጻፍበት?

ረቡዕ ሰባት ደቂቃ ቀጠርኩ፤ እዚያው፥ እጄን ማንሻው ላይ አድርጌ፤
ብረቱ ብረት ሆነ፥ ውኃውም ውኃ፤ ባዶ እጄን ተመለስኩ ፈልጌ።
ታዲያ ትራሱን ጣልሽው? ብትሉኝ፥ አልጣልኩትም።
ደጅ የሚጠና ሰው በዋናው በር ዓመት ቢቆም፣
ጌታው በጓሮ ይወጣል፤ ግን ከደጅ ውሎ የማያውቅ ሰው
በጓሮ ሲያልፍ ቢያገኘውም፥ ጌታው መሆኑን በምን ይለየው?

እሑድ ለእህቴ ደወልኩ። ልመጣ ነው ብዬ ስነግራት
«ንፋስ አለ እኮ!» አለችኝ።
«ይንፈስ» አልኳት።